ሌሊት ሌሊት ባትሪውን የሚጠጣው ማነው?

ክረምት በገባ ቁጥር (የፈረንጁን ማለቴ ነው፤ የኛ ክረምትማ ዘንቦ፣ አብቅሎ የሚሄድ ክረምት ነው) የኔ ስልክ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መጮህ ይጀምራል። ደዋዩ ይለያያል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ ማታ ደኅና አድርጌ ያቆምኳት መኪና ጧት አልነሣ አለች። ካቦ ይኖርዎታል?» ካቦማ አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ዋሽንግተንና ዙሪያዋን ከ20 ዓመት በላይ በታክሲ የዞርኩ ሰው ነኝ። ታክሲ ነጂ ደግሞ መኪናው ካልተነሣ የቤት ኪራዩም አይነሣምና ሳይወድ በግዱ ጥቂት የኤሌክትሪክ ነገር ይማራል።

አገር ቤት ቢሆን ጭንቀቱ እምብዛም ነው። የሰፈር ጎረምሳ ይጠራል፣ ሁለቱ ከኋላ አንዱ ከጎን ሆነው ይገፏታል፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ትነሣለች፤ የሻይ ይሰጣቸዋል፤ በቃ። እዚህ መኪናው ሁሉ አውቶማቲክ ነው። አውቶማቲክ እስከ ባልቲሞር ቢገፉት አይነሣም።

ታዲያ ብዙ ወገኖቻችን መኪናቸው ጧት ሲያስቸግራቸው የሚያደርጉት ምንድነው? በቀጥታ ሄደው አዲስ ባትሪ ይገዛሉ። ዛሬ ባትሪ ከ150 እስከ 250 ዶላር ነው። አዲሱ ባትሪ ለሁለት ሳምንት ደኅና ይሠራል፤ ከዚያ እሱም ጧት ሞቶ ይገኛል። «የቻይና ባትሪ ሸጡልኝ» ይባላል። ቀጥሎ ዲናሞ ይቀየራል፤ ይህ ደግሞ ከእጅ ዋጋው ጋር 500 እና 600 ዶላር ይደርሳል። ዲናሞው ተቀይሮ መኪናው ዳግመኛ ሲሞት ጠበል መርጨት ብቻ ይቀራል። መለካት የሚባል ነገር ግን ማንም ትዝ አይለውም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። መካከለኛ መኪና ላይ ያለ ባትሪ 45 አምፔር-ሰዓት ያህል ይይዛል እንበል። ባትሪውን እንደ እንስራ፣ አምፔሩን ከእንስራው እንደሚወርድ ውሃ ቁጠሩት። የፊት መብራት ረስታችሁ ብታድሩ ሁለቱ አምፑሎች ተደምረው 9 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ እንስራው በ5 ሰዓት ውስጥ ባዶ ነው። ከተሳፋሪው ፊት ያለችው የትንሿ ሣጥን አምፑል ደግሞ 5 ዋት ነች፤ 0.4 አምፔር ትስባለች፤ በ10 ሰዓት 4 አምፔር-ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙሉና ጤነኛ የሆነን ባትሪ ያቺ አምፑል በአንድ ሌሊት ልትገድለው አትችልም፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ ግን ታዳክመዋለች። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። «በአንድ ሌሊት ሞተ» ከተባለ ወይ የሚጠጣው ነገር ከባድ ነው፤ ወይ ባትሪው ማታውንም ሙሉ አልነበረም፤ አለዚያም ሁለቱ ተጋግዘዋል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የተጋገዙ ናቸው።

ማንኛውም ዘመናዊ መኪና ቁልፉ ተነቅሎ ቆሞም ቢሆን ጥቂት መጠጣቱ አይቀርም። ሰዓቱ አለ፣ የማንቂያ ደወሉ አለ፣ የቁልፉን ምልክት የሚጠብቀው መሣሪያ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ (ማለትም ከ0.05 አምፔር) ጤነኛ ነው ይባላል። ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ አለ ማለት ነው።

ይህን እንግዳ እንዴት እንደምትይዙት በ2023 በጥር ወር ያጋጠመኝን ላጫውታችሁ። ከኔ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እህታችን አለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ፈረቃዋ የሚገባው በፈረንጅ ሰዓት 6 ላይ ነው። በዚያ ወር መኪናዋ አራት ጊዜ አልነሣም ብሎባት ሁለት ጊዜ አርፍዳ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። የምታድረው ሰው ከዚህ ልጇ ብቻ አይደለም፤ ደሴ ያሉ እናቷም የሷን እጅ ነው የሚያዩት። ባትሪ ሁለት ጊዜ ገዝታለች። አንድ ጋራዥ ደግሞ ዲናሞው እንዲቀየር ነግሯት ገንዘቡን ልትበደር ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬም እንቅልፍዎን ልነሣዎ ነው» አለችኝ በስልክ።

«ምን ቸገረኝ እህቴ፣ ታክሲ ነጂ መች ይተኛል። ዲናሞውን ግን እስከ ቅዳሜ አታስቀይሪ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረድን። መጀመሪያ ያየሁት ዲናሞውን ነበር፤ ምክንያቱም ማየቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። 20 ዶላር የማትሞላ ቴስተር በዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ትነኩበታላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12.0 ሲሆን ሩብ ገደማ ነው የቀረው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መካከል ከወጣ ዲናሞው እየሞላ ነው። የሷ 14.2 አነበበ። ዲናሞው ደኅና ይሞላል! ያ ጋራዥ ይህችን ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ ኖሮ… ተዉት እንግዲህ፣ አልናገርም።

ዋናው ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጇ የእጅ ባትሪ ይዞልኝ ቆሟል፤ ዕድሜው 15 ነው፣ እዚሁ የተወለደ። «ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ብለው «ዋት ኢዝ ካቻቢቴ?» አለኝ። ካቻቢቴን፣ ፒንሳን፣ ኮፈንን ጣሊያን ጥሎልን እንደሄደ አስረዳሁት። «እና አንተ ጣሊያንኛ ትችላለህ?» ሲለኝ እናቱ «አንቱ በል!» ብላ ጮኸችበት። እኔ ግን አልተቀየምኩም፤ «አንተ» ሲሉኝ ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል።

እንግዲህ አሠራሩን ተከተሉኝ። ኮፈኑን ትከፍታላችሁ። የሹፌሩን በር ከፍታችሁ የበሩን መቆለፊያ ጥርስ በካቻቢቴ ገፋ አድርጋችሁ ትዘጉታላችሁ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መኪናው ግን የተዘጋ ይመስለዋል። ይህን የምታደርጉት በኋላ ፊውዞቹ ዘንድ ለመድረስ በር ስትከፍቱ መኪናው እንዳይነቃባችሁ ነው። (ስትጨርሱ በሩን ከመግፋታችሁ በፊት እጀታውን ስባችሁ ጥርሱን መልሱት፤ አለዚያ መቆለፊያውን ትሰብሩታላችሁ።) ያለ ቁልፍ በአዝራር የሚነሣ መኪና ከሆነ ቁልፉን ወስዳችሁ ቤት አስቀምጡት። ኮፈኑ ውስጥ መብራት ካለም አምፑሉን አውጡት።

ቀጥሎ የቴስተሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር ከሚለው ቀዳዳ ትሰኩታላችሁ። የባትሪውን ጥቁር ማለትም የኔጋቲቩን ካቦ ትፈታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። ከዚያ ቴስተሩን በተፈታው ካቦና በባትሪው ጫፍ መካከል ታስገቡታላችሁ፤ ማለትም የሚያልፈው ኃይል ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ እንዲያልፍ። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን በቴስተሩ አታገናኙ፤ ያኔ ብልጭታውን ታያላችሁ። ቴስተሩ በመካከል እያለ ሞተር ማስነሣት የለም፣ የፊት መብራት ማብራት የለም። በውስጡ ያለችው ፊውዝ ትቃጠላለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ላይ ደረስን። ካቦው እንደተገናኘ ቴስተሩ 3 ወይም 5 አምፔር ሊያነብ ይችላል። አትደንግጡ። የመኪናው ኮምፒውተሮች ናቸው የነቁት። በየተራ ይተኛሉ፤ በአንዳንዱ መኪና 20 ደቂቃ፣ በአንዳንዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ገብታችሁ ቡና ጠጡ። እኛም ገባን፤ እህታችን ቡናውን አፈላች፣ ሁለተኛው ላይ ደርሰን ወረድን።

ቴስተሩ 1.2 አምፔር ይላል። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። 1.2! መተኛት ብሎ ነገር የለም። እንግዳው ተገኘ ማለት ነው፤ የት እንደተቀመጠ ነው ያልታወቀው። በ11 ሰዓት ሌሊት 13 አምፔር-ሰዓት ይጠጣል። በዚህ ላይ ከቤቷ እስከ ሥራዋ 10 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በቀን የጎደለው አይሞላም። ብርዱም አለ፤ 0 ፋራናይት ላይ ባትሪ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ያጣል፣ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ይወፍራል። አዲስ ባትሪ በሁለት ሳምንት የሚሞተው ለዚህ ነበር።

ቀሪው ሥራ ፊውዞቹን መፈተሽ ነው። የጥንቱ ዘዴ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቴስተሩን ማየት ነው፤ ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ጥፋተኛው በዚያ መስመር ላይ አለ። እኔ ግን ሁለተኛ ቴስተር ካለ በሚሊቮልት ላይ አድርጌ በእያንዳንዷ ፊውዝ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች መንካት እወዳለሁ። ኃይል የማያልፍባት ፊውዝ ዜሮ ታነባለች፤ የሚያልፍባት ጥቂት ሚሊቮልት ታሳያለች። ምንም ሳትነቅሉ፣ ኮምፒውተሩን ሳትቀሰቅሱ ታገኙታላችሁ። ልጁ ከፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ ስማቸውን እያነበበ እኔ እየነካሁ ሄድን። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… አምስቱ ያነብባሉ። ከአምስቱ አንዷ ለመመርመሪያ መሰኪያው የተሠራችው ነች፤ ያ ጋራዦች ኮምፒውተራቸውን የሚሰኩበት ከመሪው በታች ያለው ቀዳዳ። መኪናው ቆሞ ሳለ ማን ነው እዚያ ላይ የሚሠራው? እሷን ነቀልኳት። ቁጥሩ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ 0.03 ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ አራቱም ጸጥ አሉ።

ተንበርክኬ ከመሪው ሥር አየሁ። መሰኪያው ላይ ምንም የለም። ከጀርባው ግን አንዲት ተጨማሪ ሽቦ ወጥታ ወደ ውስጥ ትሄዳለች። በእጄ እየዳበስኩ ስከተላት የክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ነገር በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራ አገኘሁ። ብርሃኗ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች።

እህታችን ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ። «ማን ነው የሚከታተለኝ? አገር ቤት ቀበሌ ነበረ፤ እዚህ ደግሞ ማነው?»

ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት ጥቂት ልቆይበት። የብድር ታሪክ የሌለው አዲስ መጤ ባንክ አያበድረውም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እየከፈለ መኪና የሚወስድበት ሻጭ ዘንድ ይሄዳል። ብዙዎቹ ሻጮች ክፍያው ቢቋረጥ መኪናው የት እንዳለ አውቀው እንዲጎትቱት መከታተያ ያስገቡበታል። አንዳንዱ መሣሪያ ከዚያም አልፎ ሞተሩ እንዳይነሣ ከሩቅ ያግዳል። ይህም ከምትፈርሙት ወረቀቶች በአንዱ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። እህታችንም የፈረመችው ከነዚህ አንዱን ነው፤ ማን አንብቦላት!

«ዕዳሽን ጨርሰሻል?» አልኳት።

«በ2021 ጨርሻለሁ። ወረቀቱ ይኸው።»

ወረቀቱን አየሁና መሰኪያዋን ነቀልኩ። ሻጩ ዕዳው ሲያልቅ ሣጥኗን ማውጣት ረስቷል። ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ተቀምጣ ቆይታ በዚያ ክረምት ለምን አመሏ ተለወጠ? ያማከርኩት ወዳጄ የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንዲህ አስረዳኝ። እንዲህ ያሉት አሮጌ መሣሪያዎች መልእክታቸውን የሚልኩት በሦስተኛው ትውልድ የስልክ መስመር ነው። ይህ መስመር በአሜሪካ በ2022 ዓመተ ምሕረት ውስጥ በየኩባንያው ተራ በተራ ተዘጋ፤ የመጨረሻው ትልቅ ኩባንያ የዘጋው በታኅሣሥ 31 ነው። ሣጥኗ ግን ይህን አልሰማችም። የሌለ መስመር ስትፈልግ፣ ስትደውል፣ መልስ ስታጣ፣ እንደገና ስትደውል ታድራለች። በደወለች ቁጥርም በመመርመሪያው መሰኪያ በኩል የመኪናውን ኮምፒውተሮች ትቀሰቅሳለች። እሷ የምትጠጣው ጥቂት ነው፤ ከባዱን የሚጠጡት እንቅልፍ ያጡት ኮምፒውተሮች ናቸው።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዕዳችሁን ያልጨረሳችሁ ወገኖች ይህን አንብባችሁ ነገ መቀስ ይዛችሁ እንዳትወርዱ። ውላችሁን ሰው ያንብብላችሁ፤ መሣሪያው ባትሪ ገደለብኝ ብላችሁ ለሻጩ በጽሑፍ ንገሩት፣ እሱ ያስተካክል። ደግሞ ሞተር የሚያግደው ዓይነት ከሆነ ሽቦው በሞተሪኖው መስመር መካከል የገባ ስለሆነ በዘፈቀደ ከቆረጣችሁት መኪናው ጭራሽ አይነሣም።

ባትሪውስ? አራት ጊዜ ባዶውን ያደረ ባትሪ ይጎዳል፤ በውስጡ ያለው ሊድ ይደነድንና ቢሞላም አይዝም። ዲናሞ ደግሞ የሞተ ባትሪ መሙያ አይደለም፤ በግድግዳ መሰኪያ የሚሠራ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ሊያድርበት ይገባል። ቻርጅ አድርገን ወደተገዛበት መደብር ወሰድነው። ትልልቆቹ የመኪና ዕቃ መደብሮች ባትሪ በነፃ ይመረምራሉ፤ ፈተናውን ወደቀ፤ ደረሰኙ ስለነበራት በዋስትናው ያለ ክፍያ ቀየሩላት። ደረሰኝ አትጣሉ ስል የኖርኩት ለዚህ ነው። ሰኞ ጧት በ5 ሰዓት ከ30 ስልኬ ጮኸ። «ተነሥታለች ጋሼ፣ ልንገርዎ ብዬ ነው» አለችኝ። እንቅልፌን ግን ነሣችኝ።

ፊውዞቹን ሁሉ ነቅላችሁ ቁጥሩ ካልወረደስ? ያን ጊዜ ዲናሞውን መጠርጠር ተገቢ ነው። በውስጡ ዳዮድ የሚባሉ የኃይል በሮች አሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ። አንዱ ሲበላሽ ዲናሞው ቀን እየሞላ ሌሊት ያፈስሳል፤ 14.2 ማንበቡ ብቻ ንጹሕ አያደርገውም። ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ወፍራም ሽቦ አውጡ፤ ጫፉ ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ጠቅልሉት፤ መልሳችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከወደቀ ያኔ ዲናሞ ግዙ።

ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይና ኩዌት ያላችሁ አንባቢዎቼ «ይኼ የብርድ ወሬ ለኛ ምናችን ነው» እንዳትሉ። ብርድ የደከመውን ባትሪ ያጋልጠዋል እንጂ የሚገድለው ሙቀት ነው። እዚህ 4 እና 5 ዓመት የሚቆየው እናንተ ዘንድ 2 ዓመት ቢሞላ ነው። ስለዚህ በናንተ አገር መጀመሪያ የባትሪውን ዕድሜ እዩ። ብዙዎቹ ባትሪዎች ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይታተማል፤ ኤ ጃንዩዌሪ ነው፣ ቢ ፌብሩዌሪ፤ ቁጥሩ የዓመቱ መጨረሻ ነው። አዲስ ተብሎ የሚሸጥላችሁ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ዓመት የተኛ እንዳይሆን እሱኑ አንብቡ።

ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የምትሄዱም ሂሳቡን ሥሩት። ጤነኛ የሆነ 50 ሚሊአምፔር እንኳ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በ19 ቀን የባትሪው ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ሰንብታችሁ ስትመለሱ ሻንጣ ይዛችሁ በብርድ ካቦ ከምትለምኑ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያችው ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ጫፉን ወደ ጎን አድርጉት። ግን መጀመሪያ በሮቹን በእጅ ቁልፍ መክፈት እንደምትችሉ አረጋግጡ፤ ባትሪ ሲፈታ አዝራሩ አይሠራም። ስትመለሱ የመኪናው ሰዓት ተሳስቶ ይጠብቃችኋል፤ እሱን ማስተካከል ነው።